ጅምር ይቅደም

እናቴ ዕቃ እየገዛች ቤት የሞላች ሴት አይደለችም። ቤታችንን የሞላው የገዛ እጇ ሥራ ነው። ጥጥ ትፈትላለች፣ ስፌት ትሰፋለች፣ ዳንቴል ትሠራለች፤ ዓይኗ ደህና በነበረበት ዘመን ደግሞ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የሚተርፍ ነገር አለ፤ ቁራጭ ክር፣ ግማሽ ልቃቂት፣ ቀለም የጠጣ ስንደዶ፣ ለናሙና ተብሎ የተቀመጠ መዳፍ የሚያህል ዳንቴል። እማዬ ደግሞ ከሥራ የተረፈ ነገር መጣል አታውቅም።

የምንኖረው ፒያሳ ነበር፤ ዶሮ ማነቂያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ብዙ አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ። ቤታችን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ የእኛዋም ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ኪራዩ በዚያው ቆሞ ቀረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የወሩ ኪራይ ፒያሳ ላይ አንድ ማኪያቶ አያስጠጣም ነበር። ርካሽ ኪራይ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ቤት የሚለቅ ሰው የለም፤ ቤት ካልተለቀቀ ዕቃ አይፈተሽም። ሌላው ሰው አከራይ በጨመረበት ቁጥር ጓዙን እየጫነ፣ የማይረባውን እየጣለ ይሄዳል። እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን ስናስገባ እንጂ ስናወጣ አልኖርንም።

ዕቃው የሚገባው ቆጥ ላይ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ከጣሪያው ሥር በአጠናና በጣውላ የሠራው ቆጥ መጀመሪያ የልጆቹ መኝታ ነበር። እኛ ካደግን በኋላ እማዬ ወረሰችው። መሰላሉን ወጥቶ እጁን የሰደደ ሰው በቀኝ በኩል በማዳበሪያ የታሰረ ጥጥ፣ በግራ በኩል በኬሻ የተጠቀለለ አክርማና ስንደዶ፣ መሀል ላይ ደጋኑ፣ መዳመጫው፣ እንዝርቶቹ፣ ቀለም የሚፈላበት ጥላሸት የለበሰ ድስት ይገጥሙታል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ፌስታሎች የምታውቃቸው እማዬ ብቻ ናት። ከቆጡ በታች ያለው ቤት ደግሞ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረውም፤ ሶፋው፣ ቡፌው፣ ሬዲዮው፣ የውኃ ማጣሪያው ሳይቀር። ወንድሜ ስሱን ቴሌቪዥን የገዛ ዕለት እማዬ ዳንቴሏን ይዛ ዙሪያውን ብትዞር ማሳረፊያ አጣችለት። «ጀርባ የሌለው ምን ዓይነት ቴሌቪዥን ነው!» ብላ ከሥሩ አነጠፈችው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ፒያሳ በተመልካች ሲጥለቀለቅ፣ ስለ መነሣት ለዓመታት ሲወራ የኖረው ወሬም ከበራችን ደረሰ። ስብሰባ ተጠራ፤ ቤት ተቆጠረ፤ የኮሪደር ልማቱ የእኛን መንደር እንደሚነካ ተነገረን። የተሰጠን ጊዜ አጭር ነበር። ዕጣ ሲወጣ ለእኛ የደረሰን ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንድሜና ሚስቱ ከእኛ ጋር በደባልነት ይኖሩ ስለነበር በስማቸው የሚወጣ ዕጣ አልነበራቸውም፤ ልጃቸውን ይዘው ኪራይ ፍለጋ ወጡ። አንድ ማዕድ ስንቆርስ የኖርን ሰዎች ሁለት ቤት ሆንን። ወደ አራብሳ የምንሄደው እማዬ፣ እኔና የሟች እህቴ ልጅ ነን።

ቤቱን ቀድሜ ሄጄ አየሁት። ከልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሜትር ተውሼ ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ የደረጃውን መታጠፊያ ሳይቀር ለካሁ። 30 ካሬ የማትሞላ ክፍል፣ ወጥ ቤት ተብላ የተከፈለች ጥግ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት። ተመልሼ በቁጥር ብነግራት ለእማዬ ምንም አልመሰላትም። ከልጅቷ ቦርሳ ጠመኔ አውጥቼ ግቢው መሀል ላይ ስቱዲዮዋን በልኳ አሰመርኳት፤ በሩ እዚህ፣ መስኮቱ እዚያ፣ ውኃው በዚህ በኩል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከበበን። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ በጠመኔው በር በኩል ገባችና መሀል ላይ ቆመች።

«ብርሃን የሚገባው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

መስኮቱን አሳየኋት። ዱካዋን አስመጥታ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋችና እንዝርት የምታሾር ይመስል ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ ገፋ፣ ግራ እጇን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። ክርኗ የጠመኔውን መስመር አልፎ ወጣ። «ግድግዳ መታሁ ማለት ነው» ብላ ዱካውን ወደ ውስጥ አስጠጋች። ደግማ ሞከረች። ክሩን የምትስብበት ክንዷ ያለ ችግር ሲዘረጋላት፣ «እንግዲህ እኔ እዚህ ነኝ፤ የቀረውን እናንተ አዙሩት» አለች። አልጋው፣ የውኃው በርሜል፣ የልጅቷ ማጥኛ የተደለደለው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ጠባብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ አልጋ ያስገባና በተረፈችው ቦታ ይኖራል። በእጁ የሚሠራ ሰው ግን የሥራ ቦታውን ቀድሞ ካልያዘ፣ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚተርፈው ነገር የለም።

ዕቃውን መለየት የጀመርነው በዚያው ማታ ነው። ሦስት ክምር አደረግሁ፤ የሚሄድ፣ የሚሰጥ፣ የሚሸጥ። ከሚሄደው ክምር ላይ ያለቀለትን ሥራ ሁሉ ደረደርኩ። ለበዓል ብቻ የሚወጣውን ሞሰብ፣ ነጩን የዳንቴል አልጋ ልብስ፣ ሰፌዶቹን፣ ሙዳዮቹን፣ ጥልፍ ያለባቸውን የትራስ ልብሶች። ጥጡን፣ ሣሩን፣ ግማሽ የቀረውንና ቁርጥራጩን ደግሞ ከበሩ አጠገብ ከመርኩት። «ሣር ተሸክመን አራተኛ ፎቅ አንወጣም» አልኳት። አይታ ዝም አለች። ጠዋት ስነሣ ክምሮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሞሰቡና አልጋ ልብሱ ከበሩ አጠገብ፣ ጥጡና ሣሩ ከሚሄደው ላይ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«የተሠራውንማ ሠርቼዋለሁ» አለች። «እኔን የሚፈልገኝ ያልተሠራው ነው።»

«ይሄ አልጋ ልብስ እኮ ሁለት ክረምት የፈጀብሽ ነው!»

«ፈጀ፤ አለቀ። ከእንግዲህ ማንም ቢያነጥፈው አልጋ ልብስ ነው። ያንን ጥጥ ግን እኔ ካልፈተልኩት የአይጥ መኝታ ነው የሚሆነው።»

ተከራከርኳት። ያለቀ ሥራ ዋጋ አለው፣ ደግሞ አይሠራም፣ መታሰቢያም ነው አልኳት። መታሰቢያነቱን አልካደችም፤ ግን መታሰቢያ የሚያስፈልገው ለሚረሳ ሰው ነው፣ እኔ የሠራሁትን መች ረሳሁ ብላ ዘጋችኝ። ከዚያ ወዲያ የምንለይበትን ሥርዓት ያወጣችው እሷ ናት። ጅምር ይቅደም፤ ከጅምሩ ቀጥሎ መሣሪያ፤ ከመሣሪያው ቀጥሎ ገና ያልተነካ ጥጥና ሣር፤ ያለቀለት ሥራ ከሁሉ በኋላ፣ ቦታ ከተረፈ። ቤት ስለ ማቅለል የሚመክር ሰው ሁሉ የማይጠቅምህን ጣል ይላል። በእጁ ለሚሠራ ሰው ግን የሚጠቅመው ነገር ለሌላው ዓይን ቆሻሻ ይመስላል፤ ለሌላው ዓይን ሀብት የሚመስለው ደግሞ ለእሱ ሥራው ያለቀ ጉዳይ ነው።

ጅምሮቹን ከቆጡ ላይ አንድ በአንድ አወረድናቸው። ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ ነበራት፤ የሚጠብቀው ሰው አለ ወይ? እጄ ይችለዋል ወይ? ሁለቱንም ያለፈ ይሄዳል።

ትልቁን ሙዳይ የሞላው ልቃቂት የወንድሜ ልጅ ጋቢ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ ግን አራት ስለሆነ ማግ ይበላል። ድሩ እንኳ በዚህ ዘመን የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉን ግን እማዬ ካልፈተልኩት ትላለች፤ ጋቢ የሚሞቀው በእጅ ፈትል ነውና። ልጁ በዕድሜ ገና ነው፤ ግን ጋቢው ለእሱ መሆኑን ያውቃል፣ ሲመጣ ሙዳዩን ከፍቶ ምን ያህል እንደ ቀረ ያያል። ይህ ያለ ክርክር አለፈ።

ቀጥሎ የወጣው በኪሮሽ የተሠራ የካሬ ካሬ ዳንቴል ነው፤ ተያይዞ አልጋ ልብስ የሚሆን። የጎረቤታችን ልጅ ስትታጭ የተጀመረ ነው። ልጅቷ ሳታገባ ቤሩት ሄደች። «ሄደች እንጂ አልሞተችም» አለችና እማዬ በኢሞ አስደወለችኝ። ካሬዎቹን በስልኩ ካሜራ ዘርግተን ስናሳያት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች። «እትዬ፣ አልጋ ልብሱ ይቅርብኝ፤ አገሬ ስገባ ለትራስ የሚሆን ብቻ ካለልኝ ይበቃኛል» አለቻት። እማዬ ወዲያው ቆጥራ ለየች። ለሁለት ትራስ የሚበቃውን በአንድ ፌስታል፣ የተረፈውን ለጠረጴዛ ልብስ በሌላ። አንድ አልጋ የሚሸፍን ጅምር በአንድ ስልክ ጥሪ በጉልበት ላይ የሚያልቅ ሥራ ሆነ።

የጥልፉ ጅምር በሁለተኛው ጥያቄ ወደቀ። የሐበሻ ቀሚስ ደረት ነው፤ መስቀሉ ተጀምሮ ከአንገቱ ሥር ቆሟል። መርፌው ላይ ክር ማስገባት ካቃታት ቆይቷል፤ እኔ ባስገባላትም ስፌቱን አትቆጥረውም። ደረቱን፣ የተወጠረበትን ክብ እንጨትና የዲኤምሲ ክሮቿን በሙሉ ሽሮ ሜዳ ለጥልፍ ሠሪዎች ለምትሠራ አንዲት ወጣት ላከችላት። ክሮቹ በቀለም ተራ በካርቶን ላይ የተጠመጠሙ ነበሩ። ልጅቷ ልትወስድ ስትመጣ እማዬ ያሳሰበቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዩን ቀድመሽ በውኃ ሞክሪው፣ ይለቃል።

የመጨረሻው ከሁሉም ከበደ። በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ የነበረ የሞሰብ ገበታ ነው፤ ወስፌው ከመጨረሻው ዙር ላይ እንደ ተሰካ። የእማዬ ሥራ አይደለም። የጀመረችው ግድግዳ የምትዋሰነን ጎረቤታችን ናት፤ ሳትጨርሰው አረፈች፤ እማዬ እጨርስልሻለሁ ብላ ተቀብላለች። ገበታውን ለመጨረስ፣ ከዚያም እግሩንና ክዳኑን ለመሥራት ግን ሣሩን በየጊዜው ውኃ ማርከፍከፍ፣ ቀለም ማፍላት፣ ነክሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ፎቅ ላይ የት? እማዬ ገበታውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ዞረችው። ከዚያ ጥቂት አክርማ በሳህን ነከረች። ያቺን ዕለት ምንም ሌላ ዕቃ አልነካችም። ስፌት ከመሀል ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚዞር ሥራ ስለሆነ ሠሪው የፈለገበት ላይ ጠርዙን አስሮ ሊያቆመው ይችላል። ዙሩን ዘግታ፣ ጠርዙን ደርባ ሰፍታ፣ ወስፌዋን ነቀለች። ሞሰብ ሊሆን የታሰበው ነገር ለዳቦ ማቅረቢያ የሚሆን ጥሩ ሰፌድ ሆነ። ለሟቿ ልጅ ስትሰጣት፣ «እናትሽ የጀመረችው ነው፤ እኔ የሠራሁት ጫፉን ነው» አለቻት።

በዚያ ሰሞን መንደራችን በገዢ ተጥለቅልቋል። ቆራሌው ብረትና ጠርሙስ፣ ልዋጩ ልብስ፣ ከምን አለሽ ተራ የመጡት ደግሞ በርና መስኮት ሳይቀር ይጠይቃሉ። መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቡፌ ሲሸጥ ቡፌ ዋጋ የለውም። የእኛን ሊገዛ የመጣው ሁሉ በሩቁ አይቶ ይመለሳል፤ በመጨረሻ አንድ አናጢ በጣውላው ዋጋ ወሰደው። ሶፋውም በደረጃው መታጠፊያ እንደማያልፍ ከልኬቱ አውቀነዋልና ለመጣው ሁሉ እናሳያለን፤ የወንድሜ አዲሱ አከራይ ዕቃ የሌለበት ሳሎን ነበረውና እዚያ ገባ።

አንድ ጠዋት ልዋጩ ሳፋና ባልዲውን አንጠልጥሎ ገባ። እኔ አሮጌ ካፖርቶች ሳወጣለት የእሱ ዓይን ነጩ አልጋ ልብስ ላይ አረፈ።

«እማማ፣ እሱን ከጨመሩልኝ ትልቁን ሳፋ እሰጥዎታለሁ።»

«የቱን?»

«ይኸውልዎት፣ ክዳን ያለውን።»

እማዬ ሳፋውን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ታችኛውን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ሰማች። «ስንት ቀን ፈጀብህ?» አለችው።

«ምኑ?»

«ሳፋው።»

ልጁ ሳቀ። «እኔ መች ሠራሁት፤ ከመርካቶ ነው የማመጣው።»

«እኔ ግን ያንን ሠርቼዋለሁ። ሳፋህ ጥሩ ነው፤ በካፖርቶቹ ስጠኝ።»

ብዙ ተከራክሮ በካፖርቶቹ ሰጣት። ሊወጣ ሲል ጠራችውና ከሬዲዮው ላይ የተነሣውን ትንሹን ዳንቴል አጣጥፋ በኪሱ ከተተችለት፤ ለእናትህ ስጣት ብላ። ያለቀ ሥራዋን መሸጥ ወይም መለወጥ ያልፈለገችው ስለምትሳሳለት አይደለም። ዋጋ ሲወጣለት የሚደርስበትን ስለምታውቅ ነው፤ የሁለት ክረምት ሥራ በሳፋ። በነፃ ሲሰጥ ግን ቢያንስ ማን ዘንድ እንዳለ ይታወቃል።

ስለዚህ ያለቀለት ሥራ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ከመነሣታችን በፊት በነበረው እሑድ የግቢው ሴቶች ሁሉ ለቡና ተጠሩ። ሥራዎቹ አልጋው ላይ ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዷ አንዳንድ ትመርጣለች። ዕጣችን ለየብቻ ነው የወጣው፤ አንዷ አቃቂ፣ ሌላዋ የካ አባዶ፣ ሌላዋ እኛው ዘንድ አራብሳ። የእድሩ ድንኳንና ድስት ማን ዘንድ ይቀመጥ የሚለው እንኳ ገና አልተቆረጠም ነበር። የሚገርመው ማንም ትልቁን አላነሣም። አንዷ በልጇ ክርስትና ላይ የተነጠፈውን ለየች፤ ሌላዋ እማዬ ስትሠራው አጠገቧ ተቀምጣ ክሩን የያዘችላትን። አልጋ ልብሱን ማንም ሳይመርጠው ቀረ። እማዬ ለወንድሜ ሚስት ሰጠቻት፤ «ሶፋው ያንቺ ዘንድ ነው፤ እሱም ይከተለው» ብላ። ሞሰቡ ብቻ ቦታ ተረፈለትና ከእኛ ጋር መጣ።

መሣሪያው ላይ ስንደርስ ትልቁ ጭንቅ የሲንገሩ ስፌት መኪና ነበር። በእግር የሚረገጠው ዓይነት ነው፤ ብረት እግሩ ብቻውን ሁለት ሰው ያነሣል። ምን አለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውል አንድ ባለሙያ አይቶ መላ አመጣ። ራሱን ከጠረጴዛው ነቅሎ የጎኑ መዘውር ላይ የእጅ ማዞሪያ ገጠመለት። ብረት እግሩን ለአንድ ካፌ ሠሪ ሸጥነው፤ አሁን የሆነ ቦታ ማኪያቶ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ሆኖ ይሆናል። ራሱ በአንድ ካርቶን ገብቶ ታቅፈነው ፎቁን ወጣ።

ናሙናዎቹ በብስኩት ጣሳዎች ውስጥ ነበሩ። እማዬ የዳንቴል አሠራር ከወረቀት አታነብም፤ ከሰው ላይ ያየችውን ቤቷ ገብታ መዳፍ በሚያህል ቁራጭ ትሞክረዋለች፤ ያ ቁራጭ መዝገቧ ነው። አናናሱ አለ፣ ኮከቡ አለ፣ ስም የሌላቸውም አሉ። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ፣ «እማማ፣ ሁሉንም ፎቶ አንስቼልሽ እንጣላቸው» አለቻት። እማዬ አንዱን አንስታ ገልብጣ አሳየቻት። ከፊት ሲያዩት ቀዳዳው እኩል ነው። ከጀርባ ግን ክሩ የት ላይ እንደ ዞረ፣ የት ላይ ሁለቴ እንደ ተጠለፈ በጣት ይታወቃል። «ስልክሽ ጀርባውን ይዳስሳል?» አለቻት። ልጅቷ መልስ አጣችና ሌላ ነገር አመጣች። ያረጀ ነጠላ ዘርግተው ናሙናዎቹን በላይኛው ጠርዛቸው ብቻ፣ ገልበጥ ማለት እንዲችሉ፣ በተራ ሰፏቸው። ጣሳዎቹ ተጣሉ፤ ነጠላው ተጠቅልሎ ክንድ የማይሞላ ጥቅል ሆነ።

በመጨረሻ ዕቃችን አንድ አይሱዙ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ጫኞቹ ሒሳቡ ፎቅ በፎቅ ነው ብለው ተከራከሩን፤ ጥጡን ሲያነሡ ግን ቀሎባቸው ተሳሳቁ። አልጋውን በብሎኬት ከፍ አድርገን ጥጡንና ሣሩን ከሥሩ ሰገሰግነው። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜል የግድ ነው፤ በርሜሉ ደግሞ የሞሰቡን ቦታ ወሰደ፤ ሞሰቡ ከልጅቷ ማጥኛ ላይ ወጣ። ዱካው ግን ጠመኔው ባሳየው ቦታ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው።

ፎቁ ሁሉንም ሙያ እኩል አልተቀበለውም። ደጋኑ በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ወጣ። ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ብናኙ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ መሄጃ የለውም፤ ልጅቷ ሳል ያዛት፣ የደጋኑ ድምፅም ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት ደረሰ። እማዬ ተናዳለች፤ ግን ተባዝቶ የሚሸጠውን መግዛት ጀመረች። ሻካራ ነው ትላለች፣ ታማርራለች፣ ትፈትለዋለች። ስፌቱ ግማሽ በግማሽ ተረፈ። ሣሩን በሳፋው፣ ያው በካፖርቶቹ በተለወጠው፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትነክራለች። ቀለም ማፍላት ግን በቤት ውስጥ አይሆንም። አንድ ቅዳሜ ድስቷን ይዛ ወደ ብሎኩ የጋራ ማብሰያ ወረደች፤ በበዓል ዋዜማ በግ የሚታረድበት፣ በሌላው ቀን ባዶ የሚውለው ቤት ነው። ቀይ ውኃ ሲፈላ ያዩ ልጆች ምን ዓይነት ወጥ ነው ብለው ተሰበሰቡ። የልጆቹ እናቶች ተከትለው መጡ፤ ከመካከላቸው አንዲት ጎጃሜ ስንደዶውን አንስታ አየችና፣ «ይሄ ቀለም ጨው ያንሰዋል» አለች። ሁለቱ እስከ ማታ ድረስ ስለ ጨው ተከራከሩ። ከዚያ ወዲህ ቀለም የሚፈላው ለሁለት ነው።

ዳንቴልና ፈትል ግን ምንም አልጎደለባቸውም። እንዝርት ቦታ አይፈልግም፤ ኪሮሽም ከኪስ አይበልጥም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በደረጃው በኩል ነውና እማዬ ዱካዋን እዚያ ታወጣለች። ወጪ ወራጁ ሰላም ይላታል፤ አንዳንዷ ልጇን ትታላት ወደ ታክሲው ትሮጣለች። የቤሩቷ ልጅ የትራስ ልብሶች እዚያ ደረጃ ላይ አለቁና በሰው ተላኩ። የጋቢው ማግም ሞላ። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ታክሲ እየቀያየርን ሄደን ለቀድሞው ሸማኔዋ አስረከብነው። ልቃቂቱን በእጁ መዝኖ፣ «ደጋኑን ተውሽው እንዴ?» አላት። ጥጡን ነክቶ ነው ያወቀው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የካዛንቺስ መንደሮች ሲነሡ ከሥራ ባልደረቦቼ መካከልም ጓዝ መጫን የጀመሩ ነበሩ። አንዷ እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታቸው በቁራጭ ጨርቅ የተሞላ። ምን ልጣል ብላ ጠየቀችኝ። ከመጣሉ አትነሺ አልኳት። መጀመሪያ የተጀመረውን ለይታችሁ አውጡ፣ ለእያንዳንዱ የሚጠብቀው ሰው ካለ ደውሉ፣ እጇ የማይችለውን ለሚችል እጅ ስጡ፣ መሥሪያ ቦታዋን አልጋ ከመግባቱ በፊት ያዙላት። ያን ካደረጋችሁ የሚጣለው ራሱ ይታወቃል፤ ደግሞም ከምታስቡት ያነሰ ነው።

ለእኛ ቤት የቀረው ችግር ሌላ ነው። እማዬ ጅምር ማብዛቷን አልተወችም። ከጋቢው ቀጥሎ ለጎጃሜዋ ልጅ ነጠላ ጀመረች፣ ከነጠላው ጎን የሙዳይ ክዳን፣ ከክዳኑ ጎን ደግሞ የእህቴን ልጅ እያስተማረች ያለችው የአናናስ ዳንቴል። ከአልጋው ሥር ቦታ አልቋል። ስለዚህ አሁን ሕግ አለን፤ አንድ አዲስ ነገር የሚጀመረው አንድ ያለቀ ከቤት ሲወጣ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምታስከብረው ደግሞ ልጅቷ ናት። እማዬም ታከብረዋለች፤ ባለፈው ሳምንት አዲስ ሰፌድ ለመጀመር ስትል ሞሰቡን ለጎጃሜዋ ልትሰጣት ተነሣች። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና ልጅቷ አንድ ላይ ሆነን ተከራከርናት፤ ሞሰቡ ቀረ፣ በምትኩ የእኔ አሮጌ የመጽሐፍ ካርቶን ወጣ፣ ሰፌዱ ተጀመረ።